የኢክራም የቴኒስ ልብስ

ሥራ ሰጥቶ ያኖረኝ፣ ከሥራም በጤና ያወጣኝ አላህ ምስጋና ይገባው።

ባለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል የስፌት መኪናዬን ለአበባ ሰጠኋት። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ዓይኔ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ "ሞራ ነው፣ ይገፈፋል" ብሎኛል። ቢገፈፍም ወደ መኪናው የምመለስ አይመስለኝም። ይበቃኛል፤ በደግ ነው የምለው። አበባ የግቢ ጎረቤቴ ናት፤ የጎጃም ልጅ፣ ክርስቲያን። ሐርጌሳ ስትመጣ ለግንበኛ ብሎኬት ታቀብል ነበር። ዛሬ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። መኪናውን የወሰደች ቀን፣ "እትዬ ዘሃራ፣ መኪናውንስ ሰጠሽኝ፤ የምታውቂውን ደግሞ በወረቀት አስቀምጪልኝ" አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። በኋላ እውነቷን ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ከደሴ ወጥቼ እዚህ የገባሁት አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ሰኢድ ቀድሞኝ መጥቶ በገበያው ዕቃ ይነግድ ነበር። እኔ መጀመሪያ በ26 ጁን ሰፈር ሰው ቤት ሠራሁ። እመቤቲቱ ደግ ነበረች። አንድ ቀን የተቀደደ መጋረጃ በእጄ ስሰፋ አየችኝና፣ "የአንቺ እጅ ድስት ሲያጥብ መዋል የለበትም" አለች። በማግስቱ ኤዶ ሳህራ ዘንድ ወሰደችኝ።

ሶማሌዎች አክስትን ኤዶ ይላሉ። ሳህራን ግን ሰፈሩ ሁሉ ነበር ኤዶ የሚላት። ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ሱቋ ዳሚ ሰፈር ውስጥ ነበር፤ የቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት የእግር መኪና፣ አንድ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ አንድ መስገጃ።

የመስገጃው ነገር እንዲህ ነው። ድሪያም ይሁን ጅልባብ፣ ልብሱ ሲያልቅ ባለቤቷ ከመጋረጃው ኋላ ትገባለች፣ ትለብሳለች፣ ትሰግድበታለች። ሰላት የሌለባት ብትሆን እንኳ ለልኩ ብቻ ጎንበስ ቀና ትላለች። ስትወጣ ኤዶ "ወደድሽው?" አትላትም። "ከመስገጃው ላይ ሳለሽ ልብሱ ትዝ አለሽ?" ነው የምትላት። "ረሳሁት" ካለች ልብሱን ተረክባ ትሄዳለች። "እጅጌው ትንሽ..." ካለች ኤዶ ስፌቱን እዚያው ትፈታለች። "ለባሿ የረሳችው ልብስ ነው ልብስ" ትል ነበር። "ሌላው ዕዳ ነው።"

ሌሎች ልማዶችም ነበሯት። መርፌ ቁልፍ በአፏ አትይዝም፤ አፍ የዚክር ነው ትላለች። ተቆጥታ መቀስ አታነሣም። ከጨርቁ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ በከረጢት አድርጋ ከልብሱ ጋር ለባለቤቱ ትመልሳለች። "ትርፉ ያንቺ አይደለም" አለችኝ፣ አንድ ጊዜ ለአሻንጉሊት የሚሆን እራፊ ላስቀር ስል። ከዚያ ወዲህ የሰው እራፊ ቤቴ አድሮ አያውቅም። የራሳችንንም ልብስ ስሰፋ ቁርጥራጩን በየከረጢቱ አስቀምጣለሁ።

ኤዶ እግሯ ሲከዳት ሱቁን ዘጋች። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ገባሁ። አለቃዬ ኦርደር፣ ሳምፕል፣ ዴድላይን የሚል ቀልጣፋ ሰው ነበር። ብዙ ጨርቅ ደርቦ በአንዴ መቁረጥን ከሱ ተማርኩ። የኔ እጥፋት ሰፊ ነበርና ይቆጣል።

"ዘሃራ፣ ይሄን ሁሉ ጨርቅ የምትደብቂው ለማን ነው?"

"ለሚቀጥለው ዓመት። ልጁ ያድጋል።"

"ካደገ አዲስ ይግዛ እንጂ!"

"እናቱስ?" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እጥፋቴን ግን አላስቀነሰኝም።

ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ በረከት ነበረው። የመኖሪያ ወረቀት በየጊዜው ይታደሳል፤ ስለሱ የሚጻፍ የለኝም። በኋላ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ፣ ከቤታችን በር አጠገብ፣ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። የሙሽራ ሰፋሁ፣ የሐዘን ሰፋሁ። ክንዷ በእሳት ተጎድቶ ልብስ በራሷ ላይ ማጥለቅ የማትችል ሴት መጣችና ፊቱ ከላይ እስከ ታች የሚከፈት ሰፋሁላት። ለብሳው ስትወጣ እጄን ጨበጠችኝ። እንዲህ ያሉ ቀኖች ነበሩኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

አበባ ግን ከሁሉ በላይ የምትጠይቀኝ ስለ ኢክራም ልብስ ነው። እሷም ስለነበረችበት ይሆናል።

ኢክራም ብቸኛ ሴት ልጄ ናት። ነገር ስትፈልግ በሶማሊኛ "ሆዮ" ትለኛለች፤ እናቴ ማለት ነው። በሌላው ጊዜ እማ ነኝ። ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ማድቤት መጣች።

"ሆዮ።"

"ምን ፈለግሽ?"

"ምንም። ሰርቭ ማድረግ ተማርኩ።"

"ሰርቭ ምንድነው?"

ማማሰያውን ከድስቱ አንሥታ ግቢው መሐል ቆመች። አንድ ሽንኩርት ወደ ላይ ወረወረች፣ በጣቶቿ ቆማ ተዘረጋች፣ መታችው። ሽንኩርቱ ሄዶ የአበባን በር አንኳኳ።

አበባ ከውስጥ፣ "ግቡ፣ ክፍት ነው" አለች።

የኮሌጁ የሴቶች ግቢ በረጅም ግንብ የታጠረ ነው። ውስጡ የቴኒስ ሜዳ አለ። አሠልጣኟ ሆዳን ትባላለች፤ ውጭ አገር አድጋ የተመለሰች የሐርጌሳ ልጅ ናት። ኢክራም ረጅም ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። ሆዳን ራኬት አስይዛ ወደደቻት። ከሌሎች ኮሌጆች ሴቶች ጋር ውድድር ሊኖር ነው፣ ትመዝገብ አለች። ያኔ ነገሩ ከአባቷ ፊት ቀረበ።

ሰኢድ ቶሎ አልተቀበለም። ክፉ አባት ሆኖ አይደለም። "እኔ ኳስ አልጠላም" አለ። "በሰው አገር ነን። የልጄ ስም በሰው አፍ እንዲገባ አልፈልግም።"

"ግቢው ግንብ ነው። ወንድ አይገባም" አልኩት።

"ወሬን ግንብ ያግደዋል?"

ኢክራም፣ "አባ፣ ስልክ እንኳ አይገባም። በር ላይ በሳፋ ነው የሚሰበስቡት" አለች።

ሳፋው ትንሽ ፈገግ አሰኘው። ወደኔ ዞረ። "ልብሷን የምትሰፊው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው አንቺን አምኜ ነው። ስለ አለባበሷ ከሰው አንዲት ቃል የሰማሁ ቀን ግን ራኬቱን ትመልሳለች።"

ኢክራም ወጥታ በግቢው ስትዘል በመስኮት አየኋት። በዕድሜዋ ሁሉ እንዲህ ስትደሰት አላየሁም። ሰኢድም አይቷታል።

ጨርቁን ከገበያ መረጥኩ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ቀላል፣ ላብ የሚጠጣ። ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ከሱሪ ጋር ቆረጥኩ። እጅጌውን ከብብቱ ላይ በጣም አሰፋሁት፤ ሰፊ ከሆነ እጇ እንደልቡ ይሄዳል፣ የገላዋም ቅርጽ አይለይም ብዬ። ሒጃቡን ንፋስ እንዳያነሣው ከትከሻዋ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ሰገደችበት። "ልብሱ ትዝ አለሽ?" አልኳት። "ረሳሁት" አለች። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የውድድሩ ቀን ከእናቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቴኒስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ኢክራም ኳሷን ወረወረች፣ እጇን ሰቀለች። ከእጇ ጋር ቀሚሱ ሁሉ ተነሣ። ከሱሪው መቀነት በላይ ሆዷ ታየ። ሒጃቡ በትከሻ ተስቦ ዓይኗ ላይ ወረደ። ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች።

ከኋላዬ አንዲት ሴት በሶማሊኛ፣ "ይቺ ልጅ ኳስ ልትመታ ነው የመጣችው ወይስ ልብስ ልትጎትት?" አለች። አጠገቧ ያሉት ሳቁ።

ኢክራም ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ኳሷን ወርውራ በዚያው እጇ ቀሚሷን ለመያዝ ትሯሯጣለች። እሱም ሲያቅታት እጇን ማንሣት ተወች። ከደረቷ ፊት፣ ዱቄት እንደሚነፋ ሰው፣ ኳሷን ትገፋት ጀመር። ሆዳን ከዳር ሆና "ወደ ላይ! ወደ ላይ!" ትላለች። ልጄ ወደ ላይ አልሄደችም። ተሸነፈች። ያሸነፈቻት ልጅ ከሷ የምትበልጥ አልነበረችም፤ ይሄ ለኔ እንኳ ታየኝ።

ሲያልቅ የሴት ተማሪዎች ኃላፊዋ መጣች። ቃሏ ለስላሳ ነበር። "እናቷ ነሽ? ልጅሽ ጎበዝ ናት። ግን እናቶቹ አጉረመረሙ። በዚህ ልብስ ሁለተኛ አላስገባትም። ጠንከር ካልኩ ጨዋታው ለሁሉም ይቀጥላል፤ ካላልኩ ለሁሉም ይቀራል።" ልክ ነበረች። ጥፋቱ የስፌቱ ነው፣ ስፌቱ ደግሞ የኔ።

ቤት ልንደርስ ስንል ባጃጁ ውስጥ ኢክራም፣ "እማ፣ ለአባ አንቺ ንገሪው" አለች። ሆዮ አላለችኝም። ምንም እንደማትጠብቅ ያኔ ገባኝ።

ለሰኢድ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሆዷ መታየቱንም፣ የሴትዮዋንም ፌዝ።

"ከሰው አልሰማሁም" አለ። "ካንቺ ነው የሰማሁት። አንድ ጊዜ ትሞክር። ከዚያ ወዲያ ግን የለም።"

በማግስቱ ዳሚ ወርጄ ኤዶ ሳህራ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነገርኳት።

"ሰግዳበታለች?" አለች።

"ሰግዳበታለች። ረሳሁት ብላኛለች።"

ኤዶ ሰላት ሲጀመር ለተክቢራ እንደሚያነሣ ሰው እጆቿን ወደ ጆሮዋ አነሣች። እዚያው አቆመቻቸው። "ያንቺ ቴኒስ ከዚህ በላይ ይወጣል እንዴ?"

"ኤዶ፣ እጇ እኮ ከራሷ በላይ ተዘርግቶ ይሄዳል።"

"ይኸውልሽ። እኔ ያስተማርኩሽ እስከ ጆሮ ነው።" ሳቀች፣ ሳል ያዛት፣ ውኃ ሰጠኋት። "ስትለኪያትስ እጇ የት ነበር?"

"ወርዶ ነዋ።"

ሁሌም እንዲያ ነው የምንለካው። ሱቃችን ወደ መንገድ ይከፈታል፤ ሰው ያልፋል። ሴትን እጅሽን ወደ ላይ አንሺ ማለት ነውር ነው። እጇን አውርዳ ትቆማለች፣ በልብሷ ላይ እንለካለን፣ የቀረውን በዓይን እንገምታለን። ዕድሜዬን ሁሉ የሰፋሁት እጃቸውን ላወረዱ ሴቶች ነው። ለሙሽራም፣ ለሐዘንተኛም፣ ለሰጋጅም በቅቷል። ለሰርቭ አልበቃም።

"ሂጂና እጇን አስነሺያት" አለችኝ ኤዶ።

ከዙህር ሰላት በኋላ የግቢውን በር ቀረቀርን። ኢክራም ራኬቷን ሰቅላ ቆመች። አበባ በርጩማ ላይ ወጥታ የሜትሩን ጫፍ ከእጅ አንጓዋ ላይ ያዘችልኝ፤ እኔ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ። እጅ ሲወርድና ሲሰቀል ያለው ልዩነት ከስንዝር ይበልጣል። ያ ሁሉ ጨርቅ ከየት ይምጣ? ከታች ይሳባል እንጂ።

"ይቺ ልጅ ሰማዩን ልትቀደው ነው" አለች አበባ። "ከዚያ እሱንም ስፊ ይሉሻል።"

ከዚያ ዋናው ስህተት ታየኝ። እጅጌውን ከብብት ያሰፋሁት እጇ እንደልቡ ይሂድ ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ብብቱ ሰፊና ዝቅ ያለ ከሆነ እጅጌው ከጎን ጋር አንድ ይሆናል፤ እጅ ሲነሣ ጎኑን ጠቅላላ ይዞ ይነሣል። ብብቱ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ሲጠጋ ግን እጅጌው ለብቻው ይሄዳል፣ ቀሚሱ ባለበት ይቀራል። አበባ፣ ይህን አትርሺ። ሰፊ ሁሉ ነጻ አይደለም።

ፈታሁት። ብብቱን ወደ ላይ አመጣሁት። ከሥሩ የምትለጠጥ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ማስገባት ነበረብኝ። ገበያ ወርጄ ያንን ሰማያዊ ፈለግኩ፤ አልቋል። ሌላ ሰማያዊ አልሄደም፤ ሲነሣ የሚታይ ሌላ ቀለም ደግሞ ዓይን ይጠራል። ያኔ ከረጢቱ ትዝ አለኝ። የኢክራም ቁርጥራጭ በሙሉ እዚያው ነበር። ኤዶ ትርፉ የባለቤቱ ነው ያለችው ለባለቤቱ ደረሰ።

የመጀመሪያዋን ቁራጭ የጨርቁን ክር ተከትዬ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኳት፤ ብብት ሥር ተኮማተረች። ሁለተኛዋን በሰያፍ ቆረጥኳት፤ ተለጠጠች። ቀሚሱን ከውስጥ በሁለት ጥብጣብ ከሱሪው መቀነት ጋር አያያዝኩት። ሒጃቡን ከትከሻ አላቅቄ አገጭ ሥር ሰፋሁት፤ ጫፉ አንገትጌ ውስጥ ይገባል፤ ራስ ሲዞር አብሮ ይዞራል።

መስገጃው አልቀረም፣ አስቀድማ ሰገደችበት። ከዚያ ወደ ግቢው፣ ወደ ሽንኩርቱ። አበባ በሯን ዘጋች።

"ልብሱ ትዝ አለሽ?"

"ትንሽ። ቀኝ ብብቴ ጋ።"

ፈታሁ፣ ሰፋሁ። በሌላ ቀን ደገመች።

"አሁንስ?"

"አሁን እጄ ሲመለስ ጀርባዬን ይይዘኛል።"

ፈታሁ። ጨርቁ እንዳይሳሳ እየሰጋሁ፣ ቢስሚላህ እያልኩ። እንዲህ ስንል ሰነበትን። አንድ ቀን ብዙ ሽንኩርት መትታ ላብ በላብ ሆና ቆመች።

"ልብሱስ?" አልኳት።

"የቱ ልብስ?" አለች። "ሆዮ፣ ምሳ ደርሷል?"

መቀሱን አስቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ውድድር ኃላፊዋ ኢክራምን በር ላይ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደ ውስጥ አሳለፈቻት። ራሷም መጥታ እኔ አጠገብ ተቀመጠች። ያቺ ያፌዘችው ሴትም ከኋላችን ነበረች፤ ድምፅዋን አውቄዋለሁ። ሰኢድ ከሌሎች አባቶችና ከሾፌሮች ጋር ከግንቡ ውጭ ቀረ። ያን ቀን ልብሱ ከተሳበ ነገሩ አበቃለት። ኢክራም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ዱዓዬን በውስጤ እያደረግኩ ተቀመጥኩ።

ኳሷን ወረወረች። እኔ ኳሷን አላየሁም። ዓይኔ ቀኝ ብብቷ ላይ ነበር። እጇ ወጣ፣ ልብሱ ቀረ።

ከዚያ ኳሷ ስታርፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ሴቶቹም "ዋው" አሉ። ሌላ ሰርቭ። ሌላ። ንፋሱ አቧራ ያነሣል፣ ሒጃቧ ንቅንቅ አይልም። በዕረፍቱ ኢክራም ላቧን በእጅጌዋ እየጠረገች ከሆዳን ጋር ስለ ግራ እጇ ምት ትከራከራለች። ቀሚሷን የጎተተችበት ጊዜ የለም። ከኋላዬ ያቺ ሴት ለሌላዋ ተጫዋች፣ "ወደ ግራዋ ምቺ! ግራዋ ደካማ ነው፣ ወደ ግራዋ!" ትላለች። የልጇ ግራ ደካማ መሆኑን ሰው በግልጽ ሲናገር እንደኔ ደስ ያላት እናት ያለች አይመስለኝም። የሚወራው ስለ ኳስ ነበር።

አሸነፈች። በማግስቱ በፍጻሜው ግራዋን አግኝተውባት ተሸነፈች፤ ሁለተኛ ወጣች። ዛሬም እዚያው ሜዳ ላይ ከሆዳን ጋር ታናናሾቿን ታሠለጥናለች። ልጆቹ ለልብስ ሲመጡ አበባ በሩን ቀርቅራ "እጅሽን አንሺ" ትላቸዋለች። ኤዶ ሳህራ ይህን ሁሉ ከኔ አፍ ሰምታ፣ "እንግዲህ ከጆሮ በላይ ያለውን አንቺ አስተምሪ" ብላኝ ነው የሄደችው። አላህ ይማራት፣ ቀብሯን ያስፋላት።

የዚያን ቀን ግን፣ ያሸነፈች ቀን፣ ስልኬን ከሳፋው ፈልጌ ከበሩ ስወጣ ሰኢድ ግንቡ ጥላ ሥር ቆሟል። እልልታውን ሰምቷል። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀኝም።

"ልብሱስ?" አለ።

"ረሳችው" አልኩት።

ዕቃ የሚጭንበትን መኪና ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"እንግዲያው ቶሎ እጠቢላት" አለ። "ነገም ጨዋታ አላት።"

ከመግሪብ ሰላት በፊት አጥቤ አሰጣሁት። የሐርጌሳ ንፋስ ኢሻ ሳይደርስ አደረቀው።